የባሕር ዓሣ አልቋል ወይስ አላለቀም? ቁጥሮቹ ግራ አጋቡኝ

ሰማያዊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ባሕር ዓሣ ሳነብ ነበር። ባነበብኩ ቁጥር ግን ይበልጥ እየተምታታብኝ መጣ። አንዱ ጽሑፍ «በ2048 ባሕር ባዶ ይሆናል» ይላል። ሌላው «የዓሣ ክምችት እያገገመ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከሦስቱ አንዱ ከመጠን በላይ ተጠምዷል» ይላል። ሁሉም ሳይንቲስት ይጠቅሳሉ።

ዓሣ አይታይም፤ አንድ ቦታም አይቆምም። ታዲያ ስንት እንዳለ በምን ይታወቃል? ማን ነው የሚቆጥረው? ደግሞስ «ጤነኛ ነው» የሚባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? የምታውቁ ካላችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ አስረዱኝ። እኔ ለማንበብ አልሰንፍም።

አሐዝ

ሰማያዊ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ልንገርህ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ከሦስቱ አንዱ» የሚለው የመጣው ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ከፋኦ ነው። ክምችት የሚባለው በአንድ የባሕር አካባቢ የሚኖርና አንድ ላይ የሚቆጠር አንድ ዓይነት ዓሣ ነው። ፋኦ ለ1974 ባወጣው ስሌት ከተገመገሙት ክምችቶች 90 በመቶው ደህና ነበሩ። ለ2021 ባወጣው ስሌት ደህና የሚባሉት 62.3 በመቶ ናቸው። የቀረው 37.7 በመቶ ከመጠን በላይ የተጠመደ ነው።

«ከመጠን በላይ የተጠመደ» ሲባል ግን ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ክምችት አንድ ደረጃ ይሰላል። ክምችቱ እዚያ ደረጃ ላይ ሲሆን ከዓመት ዓመት ሳይመናመን ትልቁን ምርት ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ ደረጃ 80 በመቶ በታች ሲወርድ «ከመጠን በላይ የተጠመደ» ይባላል። በ80 እና በ120 በመቶ መካከል ከሆነ «እስከ ልኩ የተጠመደ» ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ገና ሊጠመድ የሚችል ትርፍ አለው። በ2021 እስከ ልኩ የተጠመደው 50.5 በመቶ፣ ትርፍ ያለው ደግሞ 11.8 በመቶ ነበር።

አንዳንድ ሰው 37.7ን እና 50.5ን ደምሮ «90 በመቶ የሚሆነው ዓሣ አለቀ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ስህተት ነው። እስከ ልኩ የተጠመደው እንደ ደህና የሚቆጠር ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ሳይ በጣም እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም እውነተኛው ቁጥር ራሱ በቂ አሳሳቢ ነው። ማጋነን አያስፈልገውም።

መርከበኛ

እኔ የቢሮውን ሥራ አላውቅም። ለዓመታት የሠራሁት ጎታች መረብ በሚጥል መርከብ ላይ ነው። ዓሣ ሲመናመን ቀድሞ የሚያውቀው አጥማጁ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድ ተመልከቱ። እዚያ ኮድ የሚባለው ዓሣ ወደ 500 ዓመት ገደማ ተጠምዷል። በ1980ዎቹ በትናንሽ ጀልባ ከዳርቻው የሚያጠምዱት ሰዎች «ዓሣው እያነሰ ነው፤ የሚወጣውም ትንንሹ ብቻ ነው» ብለው ጮኹ። ሰሚ አላገኙም። ስሌቱ ደህና ነው ተባሉ። ከዚያ ጁላይ 2 ቀን 1992 መንግሥት ማጥመዱን ዘጋው። 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አጣ። ታዲያ እኔ በነዚህ ተመራማሪዎች ቁጥር እንዴት ልተማመን?

የጆሮ ድንጋይ

መርከበኛ፣ ያልከው እውነት ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዓሣ ምርምር ቤት ውስጥ ነው፤ ይህን ታሪክ በሙያው ውስጥ የማያውቅ የለም። የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ ግን ላስረዳ፤ ምክንያቱም የዛሬው አሠራር በሙሉ ከዚያ የተማረ ነው።

ትልልቆቹ መርከቦች በሰዓት ስንት ዓሣ እንደሚያወጡ ይመዘገብ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በሰዓት የሚወጣው ካልቀነሰ ባሕሩ ውስጥ ያለውም አልቀነሰም። ኮድ ግን ሲመናመን ተበታትኖ አይቀርም። የቀረው ተሰብስቦ በጥቂት ቦታ ይታጎራል። መርከቡ ደግሞ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ አለው፤ ያን የታጎረውን መንጋ አነፍንፎ ያገኘዋል። ስለዚህ ክምችቱ እየተሟጠጠ መረቡ እንደ በፊቱ ሞልቶ ይወጣል። ዳርቻው ላይ ያሉት አጥማጆች ግን ዓሣው ወደነሱ መምጣት እንዳቆመ አይተዋል። እነሱ ትክክል ነበሩ።

የምርምር መርከቦቹ ጥናትም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳይ ነበር። ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ ግን ለንግድ መርከቦቹ መዝገብ የማይገባው ክብደት ተሰጠው። መከራው የመጣው ከዚያ ነው።

መርከበኛ

እሺ መምህር፣ ይህን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ግን ስለ ምርምር መርከቦች ካነሱ አይቀር አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ጊዜ አጠገባችን ሲሠሩ አይተናል። ዓሣ እንደሌለበት ሁላችንም በምናውቀው ቦታ መረብ ይጎትታሉ። የመርከቡ ሰው በሙሉ ይስቅ ነበር። ለምንድን ነው ባዶ ቦታ ላይ ነዳጅ የሚያቃጥሉት?

የጆሮ ድንጋይ

ባዶ ቦታው ነው ዋናው ነገር! አንተ የምትሄደው ዓሣ ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጥሩውን ቦታ ብቻ ታያለህ። ተመራማሪው የሚፈልገው የባሕሩን አማካይ ነው። ባሕሩ በጥልቀትና በአካባቢ ይከፋፈላል፤ ነጥቦቹ በዕጣ ይወጣሉ። ዕጣው የወደቀበት ቦታ ላይ መረቡ ይጣላል፤ ዓሣ ይኑርም አይኑርም። መረቡ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጎተትበት ፍጥነትና ደቂቃም እንደዚያው። አዲስና የተሻለ መረብ ቢገኝ እንኳ ዝም ተብሎ አይቀየርም፤ ከተቀየረ የዘንድሮው ከአምናው ጋር አይነጻጸርም።

ኮድ ሲሰበሰብ ባዶ ነጥቦች ይበዛሉ። አንተ የማታየው እሱን ነው።

ሰማያዊ

ይህን ክር በመክፈቴ ደስ ብሎኛል። መምህር፣ ስምዎ «የጆሮ ድንጋይ» የሆነው ለምንድን ነው? ከርዕሱ ጋር የሚገናኝ ነገር አለው?

የጆሮ ድንጋይ

አለው እንጂ። ዕድሜዬ ያለቀው እሱን ስቆጥር ነው።

ዓሣ በጭንቅላቱ ውስጥ ትናንሽ የኖራ ድንጋዮች አሉት። ሚዛኑን የሚጠብቅባቸውና የሚሰማባቸው ናቸው። የኮድ ድንጋይ ትልቅ ነው፤ ባቄላ ያህላል። የዓሣው ጭንቅላት ተቆርጦ በጉጠት ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ስለ ዓሣው ርዝመት፣ ክብደትና ፆታ የተጻፈበት ትንሽ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ሙጫ ውስጥ ተቀብሮ መሃል ለመሃል በስስ መጋዝ ይቆረጣል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ነው።

ዓሣው በደንብ የበላበትና ያደገበት ወቅት ሰፊ ቀለበት ይተዋል። የብርዱ ወራት ጠባብ ቀለበት ይተዋል። ሰፊና ጠባብ አንድ ላይ አንድ ዓመት ነው። ከመሃል ወደ ዳር ትቆጥራለህ። የልጅነቱ ዓመታት ግልጽ ናቸው። ወደ ዳር ስትሄድ ቀለበቶቹ ይጠጋጋሉ፤ ዓይን ያደክማሉ። አንዳንዴ በረሃብ ወይም በሙቀት ለውጥ የመጣ ሐሰተኛ ቀለበትም ያጋጥማል። ስለዚህ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል፤ አንዱ የሌላውን ውጤት አያይም። ካልተስማሙ አብረው እንደገና ያያሉ። ካልሆነ ያ ናሙና ይጣላል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ከአንድ ክምችት ብዙ ድንጋይ ስትቆጥር የሕዝብ ቆጠራ አገኘህ ማለት ነው። የሦስት ዓመት ስንት፣ የአራት ዓመት ስንት፣ የአሥር ዓመት ስንት። በየዓመቱ ስትከታተለው በአንድ ዓመት የተወለዱት በምን ፍጥነት እየሞቱ እንደሆነ ይታይሃል። ትልልቆቹ ከጠፉ፣ መረቡ ከተፈጥሮ ሞት በላይ እየሠራ ነው። ዓሣውን ሁሉ ሳትቆጥር ስለ ሁሉም የምትናገረው በዚህ መንገድ ነው።

ዕድሜ ሳይታወቅ ሲጠመድ ምን እንደሚሆን ደግሞ ኦሬንጅ ራፊ አሳይቶናል። ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ነው። በኒውዚላንድ አካባቢ በ1970ዎቹ መጨረሻ በብዛት መጠመድ ሲጀምር ስለ ዕድሜው የሚታወቅ ነገር አልነበረም። በኋላ ድንጋዩ ሲነበብ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚኖር ታወቀ። ለመውለድ ራሱ በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይፈጅበታል። እስኪታወቅ ድረስ ግን ብዙው ክምችት ወርዶ ነበር። የተወሰደውን ለመተካት የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን ይረዝማል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ጥልቁ

መምህር ያሉት በጣም ግሩም ነው። ለመጨመር ያህል፣ እንደ አንቾቪ ያሉ ትንንሽ ዓሦች በሌላ መንገድ ነው የሚለኩት። መርከቡ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ከመንጋው ነጥሮ በሚመለሰው ድምፅ ክብደቱ ይሰላል። ፔሩ በየወቅቱ ማጥመድ ከመፈቀዱ በፊት እንዲህ ታደርጋለች። በ2023 የመጀመሪያው ወቅት ጥናቱ ላይ ጫጩት ዓሣ ስለበዛ በሰሜንና በመካከለኛው ባሕር ወቅቱ ጭራሽ ተሰረዘ። ገንዘቡን አስቡት። ግን ያችው ፔሩ በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቪ አውጥታ፣ ከ1972 ጀምሮ ከኤልኒኞ (የፓስፊክን ውኃ ከሚያሞቀው ክስተት) ጋር ተደማምሮ ምርቱ በ1973 ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ሲወርድ አይታለች። ያ ትምህርት ነው ወቅት እስከ መሰረዝ ያደረሳት።

ሰማያዊ

ስለ 2048ቱስ? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሐዝ

እሱ በ2006 ቦሪስ ዎርምና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ካወጡት ጥናት የመጣ ነው። ጥናቱ በዋናነት ስለ ብዝኃ ሕይወት ነበር። 2048 የመጣው የምርት መዝገብን መስመር ወደፊት በመሳብ ነው። አንድ ዓሣ ምርቱ ከዚህ በፊት ከነበረው ከፍተኛ ምርት 10 በመቶ በታች ከወረደ «ወድሟል» ተብሎ ተቆጠረ።

ችግሩ ይታይሃል? ምርት የሚወርደው ዓሣ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። መንግሥት ኮታ፣ ማለትም እንዲጠመድ የሚፈቅደውን መጠን፣ ሲቀንስ ይወርዳል፤ ገበያ ሲጠፋ ይወርዳል፤ ነዳጅ ሲወደድ መርከቡ ወደብ ላይ ይቆማል። ሬይ ሂልቦርን የሚባሉት ተመራማሪ አጥብቀው ተቃወሙ። ደስ የሚለው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሁለቱ ሰዎች ከተከራከሩ በኋላ ቁጭ ብለው አብረው ሠሩ። በ2009 የጋራ ጥናት አወጡ። ከተገመገሙት ክምችቶች 63 በመቶው ማገገም እንደሚያስፈልጋቸው፣ በደንብ ከተጠኑት 10 የባሕር አካባቢዎች በ5ቱ ግን የማጥመድ ጫናው እንደቀነሰ አሳዩ። ስለ 2048 ሁሉም ሰምቷል። ይህን ግን የሰማ ጥቂት ነው።

«እያገገመ ነው» የሚለው ደግሞ ሂልቦርንና ባልደረቦቹ በ2020 ካወጡት ነው። በሳይንስ የሚገመገሙት ክምችቶች በአማካይ እየጨመሩ ነው ብለዋል። ሰፋ ባለ ዓይን ካየነው እውነት ነው። የአትላንቲክ ብሉፊን ቱናን ውሰድ። ሊጠፋ ነው ሲባል ኮታው ተቆረጠ፤ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ በ2021 ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። በአሜሪካ ሕጉ ዓመታዊ ገደብ ካስገደደ ወዲህ ብዙ ክምችት ተመልሷል።

ግን «የሚገመገሙት» የምትለዋን ቃል አትለፋት። እነዚህ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉን ነው የሚሸፍኑት። ግማሹስ?

ጥልቁ

አሐዝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቃወምሽ። የሚገመገሙትም ቢሆኑ እንዳልሽው ደህና ላይሆኑ ይችላሉ። በ2024 «ሳይንስ» ላይ የወጣ ጥናት 230 የሚሆኑ ክምችቶችን ተመልክቶ ነበር። ያደረጉት እንዲህ ነው። ድሮ የተሰጠን ግምት ይወስዳሉ። ከዓመታት በኋላ ተጨማሪ መረጃ ገብቶ ለዚያው ዓመት እንደገና የተሰላውን ይወስዳሉ። ያነጻጽራሉ። በተለይ የተጎዱት ክምችቶች ላይ የመጀመሪያው ግምት ከልክ በላይ ተስፈኛ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ «አገግሟል» የተባለው ጭራሽ አላገገመም።

በጣም የሚያሳዝነው ስህተቱ የሚበረታው ጥንቃቄ በሚያስፈልጋቸው ላይ መሆኑ ነው። ኮታ የሚወሰነው ደግሞ በመጀመሪያው ግምት እንጂ በኋላ በታረመው አይደለም።

አሐዝ

ያነበብኩት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። መረጃ ሲያንስ ክምችቱ የሚሰላበት ሞዴል «ክምችቱ እንደ ቀድሞው ይመለሳል» ወደሚል ያጋድላል። መፍትሔው ግን ግምገማውን መጣል አይደለም። ዝቅ ያለውን ግምት ይዞ ኮታ መቁረጥ ነው። አንዳንድ ቦታ ሕጉ ራሱ እንዲህ ይላል፦ እርግጠኛነቱ ባነሰ ቁጥር የሚፈቀደው ይቀንሳል።

መርከበኛ

ይቅርታ፣ ግማሹ አይገመገምም ያልሽው ላይ ልመለስ። እሱ ነው የኔ ነገር። ያላስመዘገብነው ዓሣ ስንት ነው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከመርከብ ወደ ባሕር ተመልሶ የሚጣለውን ማንም አይጽፈውም። በሕገ ወጥ መንገድ የሚጠመደው አለ። በትንሽ ጀልባ ለቤተሰብ የሚጠመደው አለ።

ጥልቁ

ዳንኤል ፖሊና ዲርክ ዜለር ይህንኑ ለመገመት ሞክረዋል። በ2016 ባወጡት ጥናት ያልተመዘገበውን ጨምረው ሲያሰሉ የ1996 የዓለም ምርት 130 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሆነ። አገሮች ለፋኦ ያመለከቱት ግን 86 ሚሊዮን ቶን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ውድቀትም ከተመዘገበው የፈጠነ ነው ይላሉ። አሠራራቸውን የሚተቹ አሉ፤ ያልተመዘገበ ብዙ እንዳለ ግን የሚክድ የለም።

ፖሊ በ1995 ያነሱት ሌላ ሐሳብም አለ። እያንዳንዱ ትውልድ ተመራማሪ በወጣትነቱ ያየውን ባሕር «ትክክለኛው» አድርጎ ይይዛል። ቀጣዩ ከዚያ ከወረደው ይጀምራል። ሰማያዊ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ» ብሎ የጠየቀውን እኔ የማየው በዚህ ነው። የ1974ቱ 90 በመቶም እኮ ንጹሕ ባሕር አልነበረም። የኒውፋውንድላንድ ኮድ ትልቁ ምርት፣ 800 ሺህ ቶን ያህሉ፣ በ1968 ነው የወጣው። 1974 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰማያዊ

ስለዚህ የዓለም አማካይ ራሱ ብዙ አይነግረንም ማለት ነው?

አሐዝ

በጭራሽ አይነግርም አልልም፤ አቅጣጫውን ያሳያል። ግን ውስጡን ክፈተው። ፋኦ በ2025 አዲስና ሰፊ ግምገማ አውጥቷል። ድሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክምችቶች ነበሩ፤ አሁን 2,570 ሆነዋል። ከመጠን በላይ የተጠመደው 35.5 በመቶ ነው። «ከ37.7 ወረደ፣ ተሻሻለ» እንዳትል፤ የተለወጠው የአሠራር ዘዴው ነው።

ውስጡን ስትከፍተው ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ 92.7 በመቶው ደህና ነው። በሜዲትራኒያንና በጥቁር ባሕር 35.1 በመቶ ብቻ። ከቱና ክምችቶች 87 በመቶው ደህና ነው። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያሉት ግን ደህና የሚባሉት 29 በመቶ ናቸው። በክብደት ስትመዝነው ደግሞ ወደብ ከሚደርሰው ዓሣ 77.2 በመቶው ከጤነኛ ክምችት ነው፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ክምችቶች በአብዛኛው ይጠበቃሉ። ትንንሾቹና የማይታዩት ናቸው የሚጎዱት።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ የሚቆጠርና በተቆጠረው መሠረት የሚታዘዝ ክምችት ይተርፋል። ማንም የማይቆጥረው ነው የሚያስፈራኝ።

አዲስ ገቢ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ። ማኬሬል የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ዓሣ በዓለም ላይ በደንብ ከሚቆጠሩት አንዱ ነው ይባላል። ታዲያ እሱ ለምን ወረደ?

የጆሮ ድንጋይ

ልጄ፣ እዚህ ላይ ቆጠራው አልነበረም የተበላሸው። ከ1902 ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባሕር ጥናት ምክር ቤት በየዓመቱ «ከዚህ በላይ አታጥምዱ» ይላል። ማኬሬሉ ግን ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሰፋ፤ ወደ አይስላንድ ውኃ ገባ። አይስላንዶች ውኃችን ውስጥ የገባው ድርሻችን ነው አሉ። ከድሮ ጀምሮ የሚያጠምዱት አገሮች ደግሞ አንቀንስም አሉ። እያንዳንዱ አገር ለራሱ የቆረጠው ኮታ ሲደመር ከምክሩ በላይ ነው፤ ይህ ለዓመታት ቀጠለ። በ2025 የወጣው ምክር ለ2026 ከባድ ቅነሳ ይጠይቃል።

መርከበኛ

ይህኛው እንኳ ከኛም ከናንተም አይደለም መምህር። በዚያ ዓሣ የሚኖሩ የማውቃቸው ልጆች አሉ፤ ከባድ ቅነሳ ምን እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ኒውፋውንድላንድ ሲዘጋ ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር። የተከፈተው በ2024 ነው፣ በ18 ሺህ ቶን።